«ከጠረጋው ወዲህ የወር አበባዬ ደረቀ፤ ሰርጌ ደግሞ ደርሷል»

ለዛሬ ሦስት ደብዳቤዎችን መርጠናል። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ የሚጠይቁት ግን አንድ ነገር ነው። ማህፀን በጠረጋ ወይም በኦፕራሲዮን ከተነካ በኋላ ልጅ ይገኛል ወይ? ጠባሳስ እንዳይተው ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ደብዳቤ ረዘም ያለ ስለሆነ መልሱም ረዝሟል። ታግሳችሁ አንብቡት፤ ዛሬ ባይጠቅማችሁ ነገ ለእህት ወይም ለጓደኛ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 25 ነው። በአንድ የግል ድርጅት በሂሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ተማሪ ሳለሁ ከማላገባው ልጅ አረገዝኩ። ለማን እንደምናገር ግራ ገባኝ። በጓደኛዬ መሪነት ሰፈር ውስጥ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ተጠረግኩ። ደሙ ግን ከ10 ቀን በላይ አልቆም አለኝ። ተመልሼ ብሄድ «የቀረ ነገር አለ» ብለው ድጋሚ ጠረጉኝ። ከዚያ ለሳምንት ያህል አተኮሰኝ፤ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ዋጥኩና ተሻለኝ።

ከዚያ ወዲህ የወር አበባዬ እንደ ድሮው አይደለም። ድሮ አራት አምስት ቀን ይፈስ የነበረው አሁን አንድ ቀን ጠብ ጠብ ይልና ይጠፋል። አንዳንድ ወር ጭራሽ አይመጣም፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ከእምብርቴ በታች ይቆርጠኛል። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም «ተገላገልኩ» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን የምወደው እጮኛ አለኝ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀለበት ታስሮ፣ ሰርጋችን ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆርጧል። እሱ ልጅ ሲያይ አያልፍም። እናቱ ደግሞ ገና ከአሁኑ «የልጅ ልጄን ሳልስም አልሞትም» ይሉኛል። ስላለፈው ነገር የሚያውቀው የለም። አንዷ ጓደኛዬ «ማህፀንሽ ተጣብቋል፣ አለቀልሽ» አለችኝ። ሌላዋ «ማህፀን የሚከፍት ሥር የሚሰጡ ሴትዮ አሉ፣ ልውሰድሽ» ትላለች። እውነት አልቆልኛል? ሐኪም ጋ ብሄድ ለእሱ ይነግሩብኛል? ልንገረው ወይስ ዝም ልበል? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

*ጭንቅ ላይ ያለሁት፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ አላለቀልሽም። መጀመሪያ ይህን ያዢልን። ነገር ግን «ምንም አይደለም፣ በራሱ ይስተካከላል» ብለን አንሸነግልሽም። የጻፍሽው ምልክት ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነው፤ ያውም ከሰርጉ በፊት። ጓደኛሽ «ተጣብቋል» ያለችው ነገር በሕክምና የታወቀና ስም ያለው ችግር ነው። «አለቀልሽ» ያለችው ግን ከራሷ የጨመረችው ነው።

ማህፀን ውስጥ ምን ይፈጠራል?

የማህፀን የውስጥ ግድግዳ በሁለት ድርብ የተሸፈነ ነው። የላይኛው በየወሩ ወፍሮ፣ እርግዝና ከሌለ ተላቅቆ በወር አበባ መልክ ይወጣል። የታችኛው ግን አይወጣም። እሱ እንደ ሥር ነው፤ በየወሩ አዲሱን ሽፋን የሚያበቅለው እሱ ነው። ሣር ቢታጨድ ሥሩ እስካለ ድረስ መልሶ ይበቅላል። ከነሥሩ ከተፋቀ ግን መሬቱ ራቁቱን ይቀራል።

ጠረጋው ጠልቆ ይህን የታችኛውን ድርብ ሲያነሳው፣ ፊት ለፊት የሚተያዩት የማህፀን ግድግዳዎች ሁለቱም ይቆስላሉ። ቁስልና ቁስል ተነካክቶ ሲድን በመካከል የጠባሳ ክር ይሠራል። ክሩ ስስ ሊሆን ይችላል፤ ወፍራም ሆኖ ማህፀኑን ከፊሉን ወይም ሙሉ በሙሉ የሚዘጋም አለ። ሽፋኑ የሚበቅልበት ቦታ ስለሚጠብ የወር አበባው ይቀንሳል ወይም ይቀራል። መውጫው አካባቢ ብቻ ከተዘጋ ደግሞ ደሙ ከውስጥ ይጠራቀምና ቀኑ በደረሰ ቁጥር ይቆርጣል። የአንቺ ቁርጠት ከዚህ ሊሆን ይችላል።

ሐኪሞች ይህን «የአሸርማን ችግር» ይሉታል። ጆሴፍ አሸርማን የተባለ የማህፀን ሐኪም በ1948 እ.ኤ.አ. በሰፊው ስለጻፈበት ነው ስሙ የወጣለት። ከእሱ በፊትም በ1894 ሄንሪክ ፍሪች የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም፣ ከወሊድ በኋላ ተጠርጋ የወር አበባዋ ስለቀረ ሴት ጽፏል። እንግዲህ ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነው፤ በአንቺ አልተጀመረም።

ማን ላይ ይደርሳል?

የተጠረገች ሁሉ አትጣበቅም። በ2014 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ እንዳሳየው፣ ፅንስ ወርዷቸው ከታከሙና ማህፀናቸው በመሣሪያ ከታየ ሴቶች መካከል ከ5ቱ በ1ዷ ገደማ ላይ ብቻ መጣበቅ ተገኝቷል። ከተገኘባቸውም ከግማሽ የሚበልጡት ቀላል የሚባለው ዓይነት ነበራቸው። አደጋው የሚጨምረው በሚከተሉት ነው።

• ጠረጋው ሲደጋገም። አንቺ ሁለት ጊዜ ተጠርገሻል።

• ከወለዱ በኋላ፣ በተለይ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት፣ የቀረ የእንግዴ ልጅ ለማውጣት ሲጠረግ። በዚያን ጊዜ ሽፋኑን የሚያበቅለው ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ዝቅ ስለሚል ቁስሉ ቶሎ አይሸፈንም።

• በማህፀን ግድግዳ ውስጥ የበቀለ ማዮማ ሲወጣ።

• የማህፀን ቲቢ ሲኖር። ቲቢ የሳንባ ብቻ እየመሰለን እንዘናጋለን እንጂ፣ ምንም ሳትጠረግ ቲቢ ማህፀኗን ያጣበቀባት ሴት አለች። በቤተሰብሽ ቲቢ የታመመ ሰው ካለ ለሐኪሙ ንገሪው።

የወር አበባ የቀረባት ሁሉ ተጣብቃ አይደለም

ይህን የምንለው ሌሎች አንባቢዎች ደብዳቤሽን አይተው እንዳይደናገጡ ነው። የወር አበባ ሲቀር መጀመሪያ የሚጠረጠረው እርግዝና ነው። የሦስት ወር መርፌ የምትወጋ ሴት ሊቀርባት ይችላል፤ መርፌውን ካቆመች በኋላም ለመመለስ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ጡት ማጥባት፣ የእንቅርት ችግር፣ ከመጠን ያለፈ መክሳት፣ ጭንቀት፣ ሌሎች የሆርሞን መዛባቶች ሁሉ የወር አበባን ያጠፋሉ። የአሸርማንን ጥርጣሬ የሚያጎላው «ከመጠረጌ በፊት ደህና ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ተለወጠ» የሚለው ታሪክ ነው። የአንቺም ታሪክ ይህ ነው።

ምርመራው እንዴት ነው?

ወደ ማህፀንና ፅንስ ስፔሻሊስት ሂጂ። የሆነውን ሁሉ ንገሪው፤ ስንት ጊዜ እንደተጠረግሽ፣ በስንት ወርሽ፣ ትኩሳቱን፣ የዋጥሽውን መድኃኒት። ይህን የምትደብቂ ከሆነ ሐኪሙ ሆርሞን ሲያስመረምርሽ ይከርምና ገንዘብሽም ጊዜሽም ያልቃል።

ተራው አልትራሳውንድ ብቻውን ክሩን ሊስተው ይችላል። የጨው ውሃ በቀጭን ቱቦ ወደ ማህፀን እየገባ የሚነሳ አልትራሳውንድ የተሻለ ያሳያል። የማህፀን ራጅ የሚባለውም አለ፤ በማህፀን በር ቀለም ተጨምሮ ራጅ ሲነሳ ቀለሙ ያልደረሰበት ቦታ ይለያል፣ ቱቦዎቹም መከፈት አለመከፈታቸው አብሮ ይታያል። ራጁ የሚነሳው የወር አበባ ካበቃ በኋላ፣ እርግዝና አለመኖሩ ተረጋግጦ ነው።

ቁርጡን የሚያሳየው ግን ሂስትሮስኮፒ ነው። ይህ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ ነው፤ ሆድ ሳይቀደድ በማህፀን በር ገብቶ ውስጡን በስክሪን ያሳያል። በየክሊኒኩ የሚገኝ አይደለም፤ በትልልቅ ሆስፒታሎችና በመካንነት ሕክምና ማዕከሎች ጠይቂ። ከመንግሥት ሆስፒታሎች የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። ሪፈር ለማግኘት መጀመሪያ በአቅራቢያሽ ካለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ጀምሪ።

ይታከማል ወይ?

አዎ። በዚያው በሂስትሮስኮፒ እያዩ ክሩን በትንሽ መቀስ ይቆርጡታል። ሳያዩ በድጋሚ «ጠርገን እንክፈተው» የሚልሽ ካለ ግን እግሬ አውጪኝ በይ። በጠረጋ የመጣን ጠባሳ በጭፍን ጠረጋ ማከም በቁስል ላይ ቁስል ነው።

ከተቆረጠ በኋላ ትልቁ ጣጣ ግድግዳዎቹ መልሰው እንዳይያያዙ ማድረግ ነው። ለዚህም ሐኪሞች የተለያየ መንገድ ይጠቀማሉ። አንዳንዱ ትንሽ ፊኛ ለጥቂት ቀናት ያስቀምጣል፤ አንዳንዱ ሉፕ ያስገባል፤ አንዳንዱ ግድግዳዎቹን ለጊዜው የሚለያይ ጄል ይጨምራል። ጄሉ መጣበቅን እንደሚቀንስ ታይቷል፤ የመውለድ ዕድልን መጨመሩ ግን ገና በደንብ አልተረጋገጠም። ሽፋኑ ቶሎ እንዲበቅል ኢስትሮጅን ለተወሰኑ ሳምንታት ይታዘዛል። ይህን ክኒን ከፋርማሲ በራስሽ ገዝተሽ እንዳትውጪ፤ የደም መርጋት ታሪክ ላላት ሴት አደገኛ ነው። ከሳምንታት በኋላ ተመልሰው በመሣሪያው ያዩሻል፤ የተያያዘ ካለ ገና ስስ ሳለ ያላቅቁታል። ስለዚህ ቀጠሮውን እንዳትቀሪ።

ውጤቱስ? መጣበቁ ቀላል ወይም መካከለኛ ከሆነ የአብዛኛዎቹ የወር አበባ ይመለሳል፤ ብዙዎቹም ያረግዛሉ። ከባድ ከሆነ ዕድሉ ይቀንሳል፣ ሕክምናውም ሊደጋገም ይችላል። ከየትኛው ወገን እንደሆንሽ የሚታወቀው ሲታይ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሳታዪ «አልቆልኛል» አትበዪ የምንልሽ።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሺ። ከዚህ ሕክምና በኋላ የሚመጣ እርግዝና ክትትል ይፈልጋል። እንግዴ ልጁ ከማህፀኑ ጋር ከመጠን በላይ ተጣብቆ ሲወለድ ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ ክትትልሽን በጊዜ ጀምሪ፤ የምትወልጂውም ደምና ኦፕራሲዮን ክፍል ባለበት ሆስፒታል ይሁን።

ሥሩን ተይው

ማህፀን ውስጥ የተጣበቀን ጠባሳ የሚያላቅቅ ሥር፣ ቅጠል ወይም መጠጥ የለም። በብልት የሚገባ ቅጠል ማህፀንን ያቆስላል፣ ኢንፌክሽን ያስከትላል፤ ኢንፌክሽኑ ደግሞ ደህና የነበሩትን ቱቦዎች ሊዘጋ ይችላል። አንድ ችግር ይዘሽ ሄደሽ ሁለት ይዘሽ ትመለሻለሽ። ሆድ ማሸትም እንዲሁ ነው። ወጌሻ የወለቀ እጅ ያስገባ ይሆናል፤ የማህፀን ጠባሳ ግን በእጅ አይገኝም። ጸሎትሽን ጸልዪ፣ ጠበልሽን ተጠመቂ፤ ሐኪሙንም አትተዪ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ልንገረው ወይ?

መጀመሪያ የፈራሽውን እናንሳ። ሐኪም የታካሚውን ምስጢር እንዲጠብቅ ሙያውም ሕጉም ያስገድደዋል። አንቺ ካልፈቀድሽ ለእጮኛሽም፣ ለእናትሽም፣ ለአማትሽም አይናገርም። ስለዚህ «ይነግሩብኛል» ብለሽ ከምርመራ አትቅሪ።

ለእሱ መንገር አለመንገር የአንቺ ውሳኔ ነው። እኛ የምንመክርሽ ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ተመርመሪ። ምን እንዳለብሽ ሳታውቂ ብትነግሪው ለራስሽ የሌለሽን መልስ እሱ ይጠይቅሻል። ውጤቱን ይዘሽ ከሆነ ግን «ይህ ችግር አለብኝ፣ ሕክምናውም ይህ ነው» ማለት ትችያለሽ። ውጤቱ ደህና ከሆነ ያለፈው ታሪክሽ የራስሽ ነው፤ መቼና ምን ያህል እንደምትነግሪው አንቺ ታውቂያለሽ። ሕክምና የሚያስፈልግሽ ከሆነ ግን ልጅ በጉጉት ከሚጠብቅ ባል ጋር እየኖሩ ቀጠሮውን፣ መድኃኒቱንና ወጪውን ለብቻ ተሸክሞ መዝለቅ ከባድ ነው። ከሰርግ በኋላ በሌላ ሰው አፍ ከሚሰማው ከሰርግ በፊት ከአንቺ አፍ ቢሰማው ይሻላል። ሲሰማ ይቆጣ ይሆናል። የቆየ ፍቅር ከሆነ ቁጣው ይበርዳል። ካልበረደም ቀኑ ሳይደርስ ማወቅሽ ክፉ አይደለም።

ራስሽን ግን አትኮንኚ። በ22 ዓመትሽ ግራ ገብቶሽ ያደረግሽውን ዛሬ በ25 ዓመትሽ ልብ አትፍረጂበት።

ለሌሎች እህቶቻችን፦ ጠባሳው ሳይመጣ

ፅንስ የወረዳችሁም ሆነ በሌላ ምክንያት ማህፀናችሁ መጽዳት ያለበት ሁሉ፣ ሐኪሙን «በምን ዘዴ ነው የሚሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ማህፀንን በስለታም ብረት መፋቅ ጊዜው ያለፈበት ዘዴ መሆኑን ገልጾ፣ በምትኩ በመምጠጫ ወይም በመድኃኒት እንዲሠራ መክሯል። መምጠጫው ለግድግዳው ይራራል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ጭራሽ ብረት አያስገባም። ቢሆንም መድኃኒቱን በጤና ባለሙያ ትእዛዝና ክትትል እንጂ ከየመንደሩ እየገዙ መዋጥ ደም አፍስሶ ለሌላ ጠረጋ ይዳርጋል። «የቀረ ነገር አለ» ተብሎ ድጋሚ ጠረጋ ሲታሰብም መጀመሪያ በአልትራሳውንድ ይታይልኝ በሉ።

ሕጉንም እንወቅ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ፣ እርግዝናው ከአስገድዶ መደፈር ወይም ከቅርብ ዘመድ የመጣ ከሆነ፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ከሆነ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት፣ ወይም እናቲቱ በዕድሜዋ ለጋነት ወይም በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት የተነሳ ልጅ ለማሳደግ ያልተዘጋጀች ከሆነ፣ በሕክምና ተቋም ፅንስ ማቋረጥን አይቀጣም። ከየትም ተጠርጋ ደም እየፈሰሳት የመጣችን ሴት ማከም ደግሞ የጤና ተቋማት ሥራ ነው። አፍሮ ቤት መተኛት ማህፀንን ብቻ ሳይሆን ሕይወትን ያስከፍላል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 31 ነው፤ ባለቤቴ 28። ከአራት ወር በፊት ማዮማ ወጥቶላታል፤ በሆድ በኩል ነው የተቀደደችው። ሐኪሙ «ስድስት ወር ሳይሞላ እንዳታረግዝ» ብሎናል። እናቴ ግን «ማህፀኗን ቆርጠውባት ነው የሚደብቁህ» እያለች እረፍት ነሳችኝ። አሁን ብንጀምር ምን ይመጣል? ኦፕራሲዮኑስ ጠባሳ አይተውባትም?

*የቸኮልኩት ባል፣ ከሐዋሳ*

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሁለት ወር ነው የቀረህ፤ ጠብቅ። ማዮማው ተፈልቅቆ ሲወጣ የማህፀኑ ግድግዳ ተቀድዶ ተሰፍቷል። ማህፀን ደግሞ በእርግዝና ጊዜ እጅግ የሚለጠጥ ጡንቻ ነው። ስፌቱ ሳይጠነክር ፅንስ ቢያድግበት ግድግዳው ሊተረተር ይችላል፤ ያ ከሆነ እናትም ልጅም አደጋ ላይ ይወድቃሉ። የሚጠበቀው ጊዜ እንደ ቁስሉ ጥልቀት ከሦስት ወር እስከ ዓመት ይለያያል፤ የእናንተን የሚያውቀው የቆረጠውና የሰፋው ሐኪም ነው።

ጠባሳን በተመለከተ፣ ከማዮማ ኦፕራሲዮን በኋላ መጣበቅ በሁለት ቦታ ሊፈጠር ይችላል። አንዱ ከውስጥ ነው፤ ማዮማው ወደ ማህፀኑ ክፍት ቦታ የገባ ከሆነ። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የውስጥ ማዮማዎች ሲኖሩ አንዳንድ ሐኪሞች በአንድ ቀን የማያወጧቸው፣ ሁለቱ ቁስሎች ተገናኝተው እንዳይያያዙ ነው። ሁለተኛው ከውጭ ነው፤ ማህፀኑ ከአንጀት፣ ከቱቦና ከእንቁላል ማምረቻው ጋር ሊያያዝ ይችላል። ጥሩ ሐኪም ደሙን በደንብ በማቆም፣ ቲሹውን በማራስና በለስላሳ እጅ በመሥራት፣ አንዳንዴም መለያ ጄል ወይም ስስ ጨርቅ በማስቀመጥ ይህን ይቀንሳል።

አሁን በእጃችሁ ያለው ይህ ነው። የኦፕራሲዮኑን ማስረጃ በጽሑፍ ጠይቃችሁ ያዙ፤ ስንት ማዮማ እንደወጣ፣ የት እንደተቀደደ፣ የማህፀኑ የውስጥ ክፍል ተከፍቶ እንደሆነ ይጻፍላችሁ። ወደፊት ስትወልድ በምጥ ወይም በኦፕራሲዮን የሚለው የሚወሰነው በዚህ ወረቀት ነው። ብዙ ደም ይፈሳት ከነበረ የደም ማነሷን አስመርምሩ። ከማርገዟ በፊት ጀምራ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ትውሰድ፤ ይህ ለማህፀኑ ሳይሆን ለልጁ አከርካሪና አንጎል ነው። የወር አበባዋ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በጣም ከቀነሰ ወይም ከቀረ ሳትጠብቁ ሐኪሙን አማክሩ።

አንተም አትቅር፤ የዘር ፈሳሽህን ተመርመር። ምርመራው ቀላል ነው፤ አይቆረጥም፣ አይወጋም። ልጅ ያጡ ባልና ሚስቶች ዘንድ ምክንያቱ በግማሽ ያህሉ በወንዱ ወይም በሁለቱም በኩል ነው። ሁለቱ ወር አልፎ በሐኪም ፈቃድ ጀምራችሁ፣ ሳትከላከሉ ዓመት ቢሞላና ባይመጣ ሁለታችሁም አንድ ላይ ሂዱ። ሚስትህ 35 ዓመት ያለፋት ቢሆን ኖሮ ስድስት ወር ይበቃ ነበር። ልጅ መዘግየት የእናንተ ቤት ብቻ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. እንደገለጸው በዓለም ላይ ከ6 አዋቂ ሰዎች 1ዱ በሕይወት ዘመኑ ይገጥመዋል።

ስለ እናትህ፦ ማዮማ ማውጣትና ማህፀን ማውጣት የተለያዩ ናቸው። ይህን ለእናትህ የምታስረዳው አንተ ነህ፤ ሚስትህ አይደለችም። የተሰፋች ሴት ስፌቷ ሳይደርቅ በነገር መወጋት የለባትም።

ጥያቄ፦ በኦፕራሲዮን ከወለድኩ ሰባት ወሬ ነው። ልጄን ጡት አጠባለሁ። የወር አበባዬ እስካሁን አልመጣም። የባሌ እህት «ማህፀንሽ ተጣብቆ ነው» አለችኝ። እውነት ነው?

*የመጀመሪያ ልጄን የያዝኩ፣ ከደሴ*

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ጡት የምታጠባ እናት የወር አበባዋ ለብዙ ወራት ቢዘገይ የተለመደ ነው። በኦፕራሲዮን መውለድ ብቻውን የማህፀን ውስጡን ሲያጣብቅ ብዙም አይታይም። ከወለድሽ በኋላ ተጠርገሽ ከሆነ ግን ለሐኪም ተናገሪ። አሁን መጀመሪያ የምታደርጊው የእርግዝና ምርመራ ነው። ጡት ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው ልጁ ስድስት ወር እስኪሞላው፣ ሌት ተቀን ጡት ብቻ ሲጠባና የወር አበባ ካልተመለሰ ነው፤ አንቺ ያንን አልፈሻል። የሚቀጥለው ልጅ እንዳይቸኩል መከላከያ ጀምሪ። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 24 ወር ቆይቶ ማርገዝን ይመክራል። ለተሰፋ ማህፀን ደግሞ ይህ እረፍት ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ ቶሎ ቶሎ ሲሆን ስፌቱ በምጥ ጊዜ የመተርተር አደጋው ይጨምራል። ልጅሽን ጡት ካስጣልሽ ከጥቂት ወራት በኋላም የወር አበባሽ ካልመጣ ተመርመሪ።

ለሁላችሁም

ከጠረጋም ሆነ ከኦፕራሲዮን በኋላ ከሚከተሉት አንዱ ካለ «ነገ እሄዳለሁ» አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

• በሰዓት ሁለትና ከዚያ በላይ ሞዴስ እየራሰ ለሁለት ሰዓት ከቀጠለ።

• ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ።

• እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለ።

የታዘዘላችሁን መድኃኒት ሳታቋርጡ ጨርሱ፤ ያልታዘዘውን ደግሞ አትግዙ። ከጠረጋ በኋላ ደሙ እስኪቆምና እስኪሻላችሁ ድረስ ከግንኙነት ታቀቡ። ማህፀን ከተጸዳ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ እርግዝና ሊመጣ እንደሚችልም አትዘንጉ፤ ያልተፈለገ እርግዝና ለሁለተኛ ጠረጋ፣ ሁለተኛው ጠረጋም ለጠባሳ መንገድ ይከፍታል። የወር አበባችሁ ከዚያ በኋላ በስድስት ወይም በስምንት ሳምንት ውስጥ ካልተመለሰ፣ ወይም መጠኑ በጣም ከቀነሰ፣ «ተገላገልኩ» ሳትሉ ታዩ። በጊዜ የተገኘ ክር በቀላሉ ይቆረጣል።

መልካም ጤንነት!